ሃንዳን፦ አረማመድ ሊማር ወጣት የመጣባት ከተማ

ሃንዳን ከቤጂንግ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ናት። ፈጣኑ ባቡር ግን የሚያወርደው ከከተማው በስተምሥራቅ ራቅ ብሎ ነው፤ ከዚያ ታክሲ ግድ ይላል። የእኔ ሾፌር ሜትሩን ሳይከፍት ነድቶ ስወርድ እጥፍ አስከፈለኝ፤ አንጀቴ አረረ። ጊዜ ያለው ሰው በመደበኛው ባቡር ይምጣ፤ ዝግ ይላል እንጂ መሀል ከተማ ነው የሚያደርሰው።

የመጣሁት ለአንድ ባለ አራት ፊደል አባባል ነው፦ «ሃንዳን ሹዌ ቡ»፣ በሃንዳን አረማመድ መማር። ከተማዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ386 ጀምሮ የጃኦ መንግሥት መዲና ነበረች። በጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ በጁዋንግዚ መጽሐፍ 17ኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው፣ ከየን አገር አንድ ወጣት የሃንዳኖችን አረማመድ ሊማር መጣ። የእነሱን ሳይችል የራሱንም ረሳና እየዳኸ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኛ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንላለን። ይኸኛው ይብሳል፤ የራስንም ያስጥላል።

በአባባሉ የተሰየመው ድልድይ ሦስት ትልልቅ ቅስቶች አሉት፣ አራት ትንንሾች ደግሞ ከላይ። በድንጋይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1617 ስለሆነ «ወጣቱ የዳኸው እዚህ ላይ ነው» የሚላችሁን አትመኑ። አጠገቡ አንድ አዛውንት ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ውሃ እየነከሩ በንጣፉ ድንጋይ ላይ ይጽፋሉ። አባባሉን በስልኬ ሳሳያቸው ጻፉልኝ፤ አራተኛው ፊደል ሳያልቅ የመጀመሪያው መድረቅ ጀምሯል። ከዚያ ብሩሹን አስያዙኝና እጄን ይዘው መጨረሻውን «ቡ» አስጻፉኝ፣ ሰባት ጭረት ነው። ገንዘብ ብዘረጋላቸው እምቢ አሉ።

ያስቆጨኝ ድልድዩ ጋ የሚነገረው ታሪክ ከሚዳኸው ወጣት አለማለፉ ነው። በመጽሐፉ ተረቱን የሚናገረው ልዑል ዌይ ሞው ሲሆን፣ የሚነገረው ደግሞ «ነጭ ፈረስ ፈረስ አይደለም» በሚለው ክርክሩ ለታወቀው ለጎንግሱን ሎንግ ነው። ጎንግሱን ሎንግ የጁዋንግዚ ነገር ግራ ገብቶት ነበር የመጣው። ልዑሉ አስቀድሞ በጉድጓዷ ስለምትኮራው እንቁራሪት ነገረው፤ እሷም ዛሬ ራሷን የቻለች አባባል ናት። ቀጥሎ የሃንዳኑን ወጣት አነሳና፣ አሁኑኑ ካልሄድክ ያለህን ትረሳለህ፣ ሙያህንም ታጣለህ አለው። ስለዚህ ነገሩ ሰውን ስለመኮረጅ ብቻ አይደለም፤ በክርክር ብልሃት የማይለካውን ልለካ ላለ ሰው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ተከራካሪው አፉ ተከፍቶ አልዘጋ፣ ምላሱ ተነሥቶ አልወርድ አለው፤ ሮጦ ሄደ። ጎንግሱን ሎንግ ራሱ የጃኦ ሰው ነበር፤ የተገሠጸውም በገዛ አገሩ መዲና ስም ነው።