ሰዓቴን ያልነካሁባት ደሴት

ዋና አልችልም። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ በአንድ እጁ የጀልባ ገመድ ጨብጦ ባሕር የገባ ሰው ወሬ ነው።

ደሴቲቱ ዋሲኒ ትባላለች። ኬንያ ውስጥ ናት፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ የታንዛኒያ ድንበር አጠገብ። ከሞምባሳ በሊኮኒ በኩል መኪና በሚጭነው ጀልባ ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ ማታቱ ውስጥ ተጠጋግታችሁ ሺሞኒ ድረስ መሄድ ነው። ማታቱ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ ሜክሲኮ አደባባይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ሺሞኒ ትንሽ ወደብ ናት። ስሟ በስዋሂሊ ‹‹ጉድጓዱ ጋ›› እንደማለት ነው፣ ወደ ዛንዚባር ለባርነት የሚጫኑ ሰዎች ይታጎሩበት ከነበረው ዋሻ የመጣ ነው። ገብቼ አየሁት። ብዙም አልቆየሁም።

ባለጀልባው ማታ የላኩልኝ መልእክት ሁለት ቃል ነበር፦ ‹‹ሳ ሞጃ››። ሞጃ አንድ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የቱ አንድ? ያረፍኩበት ቤት ልጅ ስጠይቀው ሳቀ፣ ‹‹ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ›› አለኝ። ለካስ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው! የእነሱ አንድ ሰዓት የእኛው የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ጋር የሰዓት ልዩነት የለንም። ውጭ አገር ሄጄ ስድስት ሳልደምር ሳልቀንስ የሰነበትኩበት ብቸኛ ቦታ ይኸው ነው። ስልኩ ላይ ስዋሂሊ የሚለማመድ አንድ ፈረንጅ ግን ‹‹ሳ ሞጃ››ን ከቀትር በኋላ ነው ብሎ ጀልባው አምልጦት ቀረ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት እኛ ስናሰላ ኖረናል።

ባለጀልባው ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም ‹‹ምዜ›› ነው የሚላቸው፣ እኛ አባባ እንደምንለው። ትንሹ ለትልቁ ‹‹ሺካሞ›› ሲል ትልቁ ‹‹ማራሃባ›› ይመልሳል። እኔም አልኳቸው። ምላሹን ሰጡኝና ላይፍ ጃኬቴን ራሳቸው አጠበቁልኝ። ፊቴ ላይ ሳያነቡብኝ አልቀሩም።

ደሴቲቱ ላይ መኪና የለም። መንገዱ ሰው ለሰው የሚተላለፍበት ቀጭን መተላለፊያ ነው፣ ግራና ቀኙ ግንብ። ግንቡን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ድንጋዩ በትንንሽ ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ አንዳንዱ ላይ እንደ አበባ የተደረደረ መስመር ይታያል። ኮራል ነው፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር። ከእግራችሁ ሥር ያለውም ኮራል ነው፤ ደሴቲቱ ራሷ ባሕሩ ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን ያደገ፣ ኋላ ወደ ድንጋይ የተለወጠ ኮራል ናት። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማዬን እዚያው ትቼ መጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ደግሞ ውሃ አይዝም። ሰዉ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፣ እኛ ስንወርድ ከጎናችን ከነበረው ጀልባ ቢጫ ጀሪካን ይራገፍ ነበር። ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ‹‹ገነት›› ብሎ ነበር የሚያወራው፣ ጀሪካኖቹን አላሳየም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዋሲኒ አልፎ ኪሲቴ የሚባል የባሕር ፓርክ አለ፣ ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ ክልክል የሆነበት። የመዋኛ ማስኩን አድርጌ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስነክር መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲጠበስ የሚመስል ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ። ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ፣ ሸርጣን መሰል የባሕር ፍጥረቶች ናቸው አሉኝ፣ ጥፍራቸውን እያጮሁ። ሥሬ የጎመን ራስ፣ የአጋዘን ቀንድ፣ የሰው አንጎል የሚመስል ነገር ተዘርግቷል። ቢጫና ጥቁር ዓሦች እኔን ከምንም ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። አንዱ አረንጓዴ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲገምጥ በጆሮዬ ሰማሁት። እጄ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነበር! በኋላ ምዜ እንደነገሩኝ የፈጨውን አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፣ የባሕር ዳርቻው ነጭ አሸዋ ከፊሉ የእሱ ሥራ ነው።

እዚያ ላይ ማስኬ ውስጥ ውሃ ገባ። ደነገጥኩ፣ ገመዱን ለቀቅኩ፣ ያገኘሁት ነገር ላይ ቆምኩ። ከጀልባው ላይ ‹‹ኡሲካንያጌ!›› የሚል ጩኸት መጣ፣ አትርገጥ ማለት ነው። የረገጥኩት ትራስ የሚያክል ክብ ኮራል ነበር። ያ ዓይነቱ በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ እንግዲህ አስቡት። ቅጣቴን ወዲያው አገኘሁ፣ አጠገቡ እንደ ጃርት እሾኻም የሆነ ጥቁር ፍጥረት ነበርና ሦስት እሾህ ተረከዜ ውስጥ ቀረ። ምዜ ምንም አልተናገሩኝም። ደሴቲቱ ስንመለስ ጥሬ ፓፓያ ሰንጥቀው ነጩን ወተቱን እግሬ ላይ ቀቡልኝ።

እየቀቡ ነው ያወሩኝ። አባታቸው ኪሲቴ ላይ ነበር የሚያጠምዱት። በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን) ፓርክ ሲሆን ያ ቀረ፣ ሰዉም ያኔ ተቆጥቶ ነበር አሉኝ። ‹‹አባቴ ከዚያ ዓሣ ያመጣ ነበር፣ እኔ ደግሞ እናንተን ወደዚያ እወስዳለሁ›› ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሙሉ አልነበረም። 1998 ላይ (ይህም እንደ አውሮፓውያን) ውሃው ሞቆ ኮራሉ ነጭ ሆኖ እንደነበርም ነገሩኝ። ያ ዓመት በመላው ሕንድ ውቅያኖስ የታወቀ ነው፤ ኮራል ቀለሙንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ውስጡ ከሚኖር አልጌ፣ ማለትም ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ነገር ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ያባርረዋል፣ አጥንቱ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ‹‹ማንም ያልነካው›› የሚለው የቪዲዮው ቃል አልዋጥልህ አለኝ። ተነክቷል። አንዱ ቆሞበታል፣ አንዱ እንጀራውን ትቶለታል።

መመለሻችን ‹‹ሳ ኩሚ›› ነበር፣ አስር ሰዓት። በሰዓቱ ደረስኩ፣ በጣም ኮርቼ። ጀልባዋ ደረቅ አሸዋ ላይ በጎኗ ተጋድማለች! ባሕሩ ሸሽቷል፣ ጠዋት የዋኙበት ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ‹‹ምዜ፣ ሳ ኩሚ አላሉም?›› ስላቸው በአገጫቸው ወደ ውሃው ጠቆሙኝ። ውሃው እስኪመለስ ተቀመጥን። ሁለት ሴቶች ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ቋጥረው፣ ቀጭን ብረት ይዘው፣ እያንዳንዱን የድንጋይ ቀዳዳ እየወጉ ይሄዳሉ። አንደኛዋ ጎንበስ አለች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች፣ ስታወጣው ኦክቶፐስ ክርኗ ላይ ተጠምጥሟል። ከድንጋዩ ጋር ሁለቴ አላተመችው፣ ባልዲዋ ውስጥ ጣለችውና ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ሄደች።