92 ዲግሪ ላይ የፈላው ውሃ

ሰበታ ዳር ባለችው ወርክሾፓችን አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ወደ ሜታኖል፣ ማለትም ለነዳጅነት ወደሚያገለግል የአልኮል ዓይነት ቀይረን፣ መብራትም ሙቅ ውሃም እንድትሰጥ እየሠራንባት ነበር። የሞተሩንና የጭሱን ሙቀት በውሃ እንሰበስባለን፤ ያለዚያ ከነዳጁ ጉልበት የሚበዛው አየር ላይ ይባክናል። ለሙከራ የገዛነው ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራውን ሜታኖል ነው። በታዳሽ ኤሌክትሪክ ከተገኘ ሃይድሮጅንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውም ንጥረ ነገሩ አንድ ስለሆነ ለሞተሩ ልዩነት የለውም።

ጀነሬተሯ ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ትሠራና ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ስትቀዘቅዝ ትነሣለች። አንድ ሊትር ሜታኖል የአንድ ሊትር ቤንዚን ግማሽ ያህል ጉልበት ስለሚይዝ ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ አስፍተነው ነበር፤ ጥፋቱን እዚያ ላይ አደረግሁ። አጸዳን፣ ደግመን አሰፋን፣ ፓምፕ ቀየርን። ሁለት ሳምንት ሄደ።

ረዳቴ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ጋሼ፣ የነዳጁ ቱቦ በጣም ይሞቃል» ብሎኝ ነበር። ለካሁት፤ 60 ዲግሪ። «ሜታኖል የሚፈላው በ64.7 ነው፣ ገና ነው» አልኩት። ዳግም አላነሣውም።

አንድ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሊፈትሽ በአሮጌ ማንቆርቆሪያ ውሃ አፈላ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል።

«ይሄ ተበላሽቷል፤ ልጣለው?» አለኝ።

«ጣለው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን ልክ ነው። ያለነው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ውሃ በ92 ከፈላ ሜታኖልም 64.7ን አይጠብቅም። ሳሰላው 57 አካባቢ መጣ። ነዳጁ ፓምፑ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ እየፈላ፣ ፓምፑ እንፋሎት ሲስብ ኖሯል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ያንን ቱቦ ከትኩሱ ማርሚታ አጠገብ ስንት ጊዜ እንደፈታነው ሳስብ ነው። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ልጁ እሳቱን ሳያየው ሊቃጠል ይችል ነበር።

ቱቦውን ከማርሚታው አርቀን በሌላኛው ጎን አዞርነው። 38 ዲግሪ። ያን ቀን እስከ ማታ ሳትጠፋ ሠራች፤ እሷ ባሞቀችው ውሃ እጃችንን ታጠብን።

«ነግረኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም። ይቅርታ» አልኩት።

«እኔም ልጥለው ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ፣ ቴርሞሜትሩን ጠርጎ ወደ ማኅደሩ እየመለሰ።