ማክ 6 ሲሊንደር ላይ፦ ካርበንክልን ማስወገድ

ባለ ሁለት አቅጣጫው የኦይለር ኮድ (ውስጣዊ ግጭት የሌለውን የጋዝ ፍሰት የሚያሰላ ፕሮግራም) አሁን ከሲሊንደር ግንባር ፊት ያለውን ሾክ (ግፊትና እፍግታ በድንገት የሚዘሉበትን ቀጭን ወሰን) በማክ 6፣ ማለትም በድምፅ ስድስት እጥፍ ፍጥነት፣ ንጹሕ አድርጎ ይይዛል። እዚህ የሚደርስ ሁሉ ካርበንክል በሚባል ጣጣ (ሾኩ በስሌቱ ስሕተት ቅርጹን ማጣቱ) ላይ ስለሚወድቅ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

የሶድ ቱቦ (መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ባለ አንድ አቅጣጫ የሾክ ፈተና) ላይ ብዙ አትቆዩ። ግራ እፍግታና ግፊት 1፣ ቀኝ 0.125 እና 0.1፣ ጋማ (የጋዙ የሙቀት አቅሞች ውድር) 1.4፤ በጊዜ 0.2 መሃሉ ላይ ግፊቱ 0.303፣ ፍጥነቱ 0.927 ከወጣ እለፉት። በባለ አንድ አቅጣጫ ፈተና ሊሚተር (ሾክ አጠገብ ሐሰተኛ መወዛወዝን የሚገታ ቀመር) ሲያወዳድሩ መክረም፣ በእኔ እምነት፣ ሥራ መሸሽ ነው።

ሜሹ (የስሌቱ ሴሎች መረብ) የሲሊንደሩን የፊት ግማሽ ብቻ ይሸፍን፤ ከኋላ ያለው ባዶነት ስሌቱን ይገድላል። ሾኩ ከግንባሩ 0.44 ራዲየስ ያህል ርቆ ይቆማል፣ ወደ ጎን ደግሞ ከመሃል እስከ 2.6 ራዲየስ ይከፈታል። ስለዚህ የውጩን ወሰን ሞላላ አድርጉት፦ ከፊት 1.7፣ ከጎን 3 ራዲየስ። ላይና ታቹን አብራችሁ ፍቱ። በሲሜትሪ መስመር ግማሹን ቆርጦ ማስላት ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን ችግሩ የሚበቅለው እዚያው መስመር ላይ ስለሆነ ምልክቱን ይሸፍናል።

አሁን የሮን ወይም የኤችኤልኤልሲን ፍላክስ (በሴል ገጽ በኩል የሚያልፈውን መጠን የሚያሰላ ቀመር) አስገቡና አሂዱት። ሬዚጁዋሉ (መልሱ ከመርጋት የቀረው ልዩነት) ትንሽ ይወርድና ይቆማል። ከዚያ ሾኩ መሃሉ ላይ አፍንጫ ያወጣል፣ ከኋላውም ሁለት አዙሪቶች ይቀመጣሉ። ይህ ነው ካርበንክል፤ ፒሪና ኢምሌ በ1988 ያሳዩት፣ ኩዊርክ በ1994 በሰፊው የመረመረው። ሥዕሉን ብቻ አትመኑ። ፍሰቱ በሚቆምበት ነጥብ ላይ ያለው ግፊት ለመጪው ፍሰት ግፊት ሲካፈል 46.8 መሆን አለበት፣ ከሾኩ ወዲያ እፍግታው 5.27 እጥፍ። ከእነዚህ ከራቀ አፍንጫው ገና ባይታይም በሽታው ገብቷል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሜሹን ማጥራት ነው። አይረዳም፣ እንዲያውም ያባብሳል። ምክንያቱ ከሾኩ ጋር ትይዩ የሆኑት የሴል ገጾች አይደሉም፤ ሾኩን የሚያቋርጡት ናቸው። በእነዚያ ገጾች በኩል የሚያልፍ ፍጥነት ዜሮ ያህል ነው። በሾኩ ግንባር ላይ በጎረቤት ሴሎች መካከል ትንሽ የእፍግታ ልዩነት ሲፈጠር ፍላክሱ የቆመ ኮንታክት (ግፊት እኩል ሆኖ እፍግታ ብቻ የሚለወጥበት ወሰን) አድርጎ ይቆጥረውና ምንም አያደበዝዘውም። የግፊት መንቀጥቀጥ ሲመግበው ያ ልዩነት ያድጋል። ኮንታክትን በጥራት መያዝ፣ ማለትም እነዚህን ፍላክሶች የምንመርጥበት ምክንያት ራሱ፣ እዚህ ጠላት ሆነ።

የሃርተን ማስተካከያ፣ ማለትም ዴልታን (ለማዕበል ፍጥነቶች የሚሰጠውን የታች ገደብ) ከፍጥነትና ድምፅ ፍጥነት ድምር 0.1 እስከ 0.2 አድርጎ ኮንታክቱና ሺሩ (የጎን ፍጥነት የሚለወጥበት ወሰን) ላይም መጫን፣ አፍንጫውን ያጠፋል። ነገ ቪስኮሲቲ (የፍሰቱን ውስጣዊ ግጭት) ስትጨምሩ ግን ባውንደሪ ሌየሩን (ግድግዳው አጠገብ የሚዘገየውን ቀጭን ንብርብር) ያወፍርና የግድግዳውን የሙቀት ፍሰት ያበላሻል። ኤችኤልኤልኢን (ኮንታክትን የሚያደበዝዝ ፍላክስ) በየቦታው መጠቀምም እንደዚያው ነው። አልወደውም፣ ምንም እንኳ ለመነሻ ያህል ሁሌ እሱን ባስኬድም።

የሚሠራው ቅይጥ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ የሁለቱን ጎን ግፊቶች አነስተኛውን ለትልቁ አካፍሉ። ከዚያ የገጹን ጎረቤቶችም ተመልክታችሁ ዝቅተኛውን ውሰዱ፤ ጎረቤቶቹ ካልተካተቱ ሾኩን የሚያቋርጠው ገጽ ራሱ ግፊቱ እኩል ስለሚሆን ያመልጣችኋል። ከ0.5 በታች ከሆነ ኤችኤልኤልኢ፣ ከዚያ በላይ ኤችኤልኤልሲ። ግድግዳው አጠገብ ግፊቱ በቀስታ ስለሚለወጥ ኤችኤልኤልሲ ሳይነካ ይቀራል።

ለአነሳስ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ትክክለኛነት፣ ሲኤፍኤል (የጊዜ እርምጃውን ከሴሉ መጠን ጋር የሚያያይዝ ቁጥር) 0.3፣ ሾኩ ቦታውን እስኪይዝ። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ በቫን ሊር ሊሚተር። አንድ የሚያናድድ ነገር ይቀራል፦ መለያው፣ ማለትም ያ የግፊት ውድር፣ 0.5 አካባቢ ሲዋልል ገጾቹ በየዙሩ ፍላክስ ይቀያይራሉና ሬዚጁዋሉ አይወርድም። ከ0.4 እስከ 0.6 ባለው መካከል ሁለቱን ፍላክሶች በክብደት ቀላቅሉ፤ አሁንም ካስቸገረ ሾኩ ከቆመ በኋላ መለያውን አስቀምጣችሁ እንዳይታደስ አድርጉ።