52 ግራሙ 80 ግራሙን ሲያስንቅ

ወረቀትን በግራም፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ፣ መምረጥ ለቀለም ብዕር አይሠራም። እስክሪብቶ ወረቀት አያማርጥም፤ ቀለሙ ዘይታማና ወፍራም ስለሆነ ላይ ላዩን ይቀራል። በቀለም ብዕር ውስጥ ያለው ግን ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በዋናነት የሚወስነው በፋብሪካ ወረቀቱን እንዳይመጥ የሚያደርገው ስታርችና መሰል ቅባት ነው እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ለመፈተሻ ፔሊካን 4001 ሮያል ብሉ የተባለውን ሰማያዊ የብዕር ቀለም የምመርጠው ቀለሙ ቁጥብ ስለሆነ ነው፤ ከብዕሩ ቶሎ ቶሎ አይፈስም። እሱ እንኳ የተሰራጨበት ወረቀት አብዛኛውን ሌላ ቀለም አይችለውም ማለት ነው።

ተራው 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ጽሑፉ 5 ሰከንድ ሳይሞላ ይደርቃል። ደስ ይላል፣ ግን የደረቀው ስለተመጠጠ ነው። መስመሩ ይወፍራል፣ ከዳሩ ጸጉር ያወጣል፤ የ«መ» እና የ«ወ» ቀዳዳዎች በደቃቅ ጽሕፈት ይደፈናሉ። ብዕሩ ለአፍታ በቆመበት ቦታ ሁሉ በጀርባ ነጥብ ይወጣል። ሳሳ ያለ ደብተር ደግሞ ይብሳል፤ በአንድ ገጽ ብቻ መጻፍ ግድ ነው።

ሮዲያ የተባለው የፈረንሳይ ማስታወሻ ወረቀትም 80 ግራም ነው። እዚያ ግን መስመሩ እንደ ምላጭ ይቆማል፣ ጀርባውም ንጹሕ ነው። ዋጋው መድረቂያው ነው፦ 15 ሰከንድ ገደማ። ቶሞኤ ሪቨር የተባለው ስስ የጃፓን ወረቀት 52 ግራም ብቻ ሆኖ ከሁሉም ይበልጣል። ቀለሙ ላዩ ላይ ስለሚተኛ ፊደሉ ሲጀምር ሳሳ፣ ብዕሩ ሲቆም ጠቆር ይላል፤ ይህን የፎቶ ኮፒ ወረቀት እምብዛም አያሳይም። የጽሑፉ ጥላ በጀርባ ይታያል፣ ቀለሙ ግን አይዘልቅም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። መድረቂያው ግማሽ ደቂቃ ሊያልፍ ስለሚችል በግራ እጁ ለሚጽፍ ሰው አልመክረውም።

አፈታተኑ፦ አንድ ብዕር፣ አንድ ጫፍ፣ አዲስ የተሞላ ቀለም። ለሳምንታት ብዕር ውስጥ የቆየ ቀለም ውሃው ተንኖ ስለሚወፍርና ስለሚጠቁር ፍርዱን ያዛባል። አምስት አጫጭር መስመሮች ከተጻፉ በኋላ በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ30 ሰከንድ አንድ አንዱን በደረቅ ጣት መጥረግ፤ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን በብርሃን ማየት።

ጥሩ ወረቀት ላይ ብዕሩ ድንገት መዝለል ከጀመረ፣ በተለይ ከገጹ ግርጌ፣ ብዕሩን ከማጠብ በፊት እጅን መጠርጠር ይሻላል። የመዳፍ ወዝ ቀለሙን ይገፋል። ከእጅ ሥር ቁራጭ ወረቀት ማንጠፍ ይበቃል።

ሮያል ብሉ ደግሞ የትኛውም ወረቀት የማያድነው ጉድለት አለው፤ ውሃ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ለውልና ለፊርማ አይሆንም።