ትራምፔት ይዛ የመጣችው እንግዳ

በየዓመቱ በነሐሴ ማለቂያ ላይ ሊቨርፑል ውስጥ የቢትልስ ሳምንት ይከበራል። ከሃያ በላይ ከሚሆኑ አገሮች ባንዶች ይመጣሉ። ብራዚላውያን አሉ፣ ጃፓናውያን አሉ፣ ስዊድናውያን አሉ። ሁሉም የሚጫወቱት የእነዚያን የአራት የሊቨርፑል ልጆች ሙዚቃ ነው። ከቀትር እስከ ውድቅት ድረስ በየምድር ቤቱ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየሆቴሉ አዳራሽ ጊታር ይሰማል።

እኔ የትሪቢዩት ባንድ ወዳጅ ነኝ። የሌላ ሰውን ሙዚቃ በፍቅር አጥንቶ፣ አንዲት ኖታ ሳያዛንፍ የሚጫወት ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን ሙዚቀኛ "የራስህን መቼ ነው የምታወጣው?" ይሉታል። ይህ ጥያቄ ሁሌም ያናድደኛል። የጥላሁንን ዘፈን አሳምሮ መጫወት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስለዚህ ሊቨርፑል የሄድኩት ሙያውን የሚያከብሩ ሰዎች መሀል ልቀመጥ ብዬ ነው።

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ሊቨርፑል ላይም ስትሪት ድረስ በባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

ስለ ሆቴሉ ግን የምለው አለኝ። ስሙን አልጠራም። በሌላ ጊዜ 60 ፓውንድ የሚከራይ ክፍል በዚያ ሰንበት 145 ፓውንድ ገብቶ ጠበቀኝ። ሰኞው የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከተማው ሁሉ ዋጋ ይጨምራል፤ እሱስ ይሁን። ክፍሉ ግን ልክ በአንድ መጠጥ ቤት አናት ላይ ነው። የቤዙ ድምፅ በወለሉ እየገባ አልጋውን ያንቀጠቅጠዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙዚቃው ሲቆም ደግሞ ሚዜዎች መንገድ ላይ መዝፈን ጀመሩ። ከሠርግ በፊት ሊጨፍሩ ወደ ሊቨርፑል የሚመጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ወደ እንግዳ መቀበያው ወርጄ ሌላ ክፍል ጠየቅሁ። የለም ተባልኩ። የጆሮ መድፈኛ ግን አለ፣ ሁለት ፓውንድ! ከፈልኩ። ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም። አገር ቤት ቢሆን እንግዳ እንቅልፍ አጣሁ ሲል ቢያንስ "ይቅርታ" የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ልጁ ካርድ ማንበቢያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ዞር አለ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጠረጴዛ ጠፍቶ ከአንድ ኔዘርላንዳዊ አዛውንትና ከአንዲት የስኮትላንድ ሴት ጋር ተቀመጥኩ። ሁለቱም በየዓመቱ የሚመጡ ናቸው። ገና ቡናችን ሳይቀርብ ክርክሩ ተጀመረ። የቢትልስ ባንድ ዊግና ተመሳሳይ ኮት ማድረግ አለበት ወይስ የለበትም?

ስኮትላንዳዊቷ ማድረግ አለበት ባይ ናት። ምሳሌዋ ዘ ቡትሌግ ቢትልስ ነው። በ1980 የተመሠረተ የእንግሊዝ ባንድ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ በዘፈኖች መሀል የሚወረወረው ቀልድ ሳይቀር ዋናዎቹን እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ኔዘርላንዳዊው ደግሞ የአገሩን ልጆች ዘ አናሎግስን ጠራ። እነዚህ በ2014 ነው የተነሱት። ዊግ የላቸውም። ቢትልስ መድረክ ትተው ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ የሠሯቸውን የኋለኛ አልበሞች በዘመኑ መሣሪያ ይጫወታሉ። የዚያን ጊዜውን ኪቦርድ፣ የዚያን ጊዜውን አምፕሊፋየር አፈላልገው፣ ቫዮሊንና ትራምፔት የሚጫወቱ ሰዎችም ጨምረው።

እኔ ከኔዘርላንዳዊው ጋር ነኝ። ዓይን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዊጉን ይለምደዋል። ጆሮ ግን የተሳሳተ ድምፅ አይለምድም።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ሹካውን አስቀመጠ። "ጌታቸው መኩሪያ!" አለ። እኔም ሹካዬን አስቀመጥኩ። ዘ ኤክስ የሚባለው የአገሩ ፓንክ ባንድ ከጋሽ ጌታቸው ጋር ሲጫወት አምስተርዳም ውስጥ አይቶ ኖሯል። በ2006 አብረው አልበም አውጥተዋል። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው ጋሽ ጌታቸው። "ከኋላቸው የነበሩት ፓንኮች ልጆቻቸው ነበር የሚመስሉት" አለኝ። "እንግዳ ተብለው ወጡ፣ ከዚያ ባንዱን ወሰዱት።" ጋሽ ጌታቸው በ2016 እንዳረፉ ነገርኩት፤ ያውቅ ነበር። ሊቨርፑል ውስጥ በጠዋት ይህን መስማት ያንን ሁሉ የእንቅልፍ እጦት አስረሳኝ።

ከዚያ ወሬው ወደ እንግዳ ሙዚቀኞች ዞረ። የትሪቢዩት ባንድ ወዳጅ ሁሉ የሚጠብቀው ይህንን ነው፤ ከዋናው ባንድ ወገን የሆነ ሰው ድንገት መድረክ ላይ ብቅ እንዲል። የአውስትራሊያው የፒንክ ፍሎይድ ትሪቢዩት ባንድ በ1996 በፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት በዴቪድ ጊልሞር 50ኛ ልደት ላይ ተጠርቶ መጫወቱን ስኮትላንዳዊቷ በኩራት ነገረችን፣ እሷ የጋበዘቻቸው ያህል። ሊቨርፑል ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ "ፖል ይመጣል" የሚል ወሬ ይናፈሳል። ወሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በታኅሣሥ 1999 ካቨርን በሚባለው የከተማዋ ክለብ ተጫውቷል፣ በሐምሌ 2018 ተመልሶ መጥቷል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ "ልዩ እንግዳ" የሚል ፕሮግራም ነበር። እንግዳው በስድሳዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ ክለቦች ከበሮ ይመቱ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን ልተወው። መድረክ ላይ አወጧቸው፣ ጭብጨባ ሆነ፣ አንድ ታምቡሪን አስያዟቸውና ጥግ ላይ አቆሟቸው። ድራሙ ላይ ወጣቱ ልጅ ተቀምጧል። አዛውንቱ እግራቸው በጫማቸው ውስጥ ሪትሙን ሲመታ ከፊት ሆኜ አያለሁ። አንድም ሰው "ይቀመጡና ይምቱ" አላላቸውም። ሲያልቅ ከእሳቸው ጋር ፎቶ መነሻ ሰልፍ ተያዘ፤ 15 ፓውንድ። ተናድጄ ወጣሁ። እንግዳ ለመታየት ብቻ መጠራት የለበትም። የጠራችሁት ሙዚቀኛ ከሆነ አጫውቱት።

ንዴቴን ለማብረድ 86 ቁጥር አውቶብስ ይዤ ቢትልስ ወደዘፈኑለት መንገድ ወደ ፔኒ ሌን ሄድኩ። ተራ መንገድ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ፀጉር ቤት ዛሬም ፀጉር ይቆረጥበታል። የመንገዱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው ፈርሞበታል። ትንሽ ዞርኩ፣ ሳንድዊች በላሁ፣ ተመለስኩ።

ማታ ካቨርን። ማቲው ስትሪት ላይ ያለው ይህ ምድር ቤት በጥር 1957 ነው የተከፈተው። ቢትልስ ከ1961 እስከ 1963 ድረስ 292 ጊዜ ተጫውተውበታል። የመጀመሪያው ካቨርን በ1973 ተዘግቶ ፈረሰ፤ ለባቡር መስመር አየር ማስወጫ ይሠራበታል ተብሎ ነበር፣ ሳይሠራ ቀረ። አሁን ያለው በ1984 ከቦታው በከፊል ላይ፣ ከድሮዎቹ ጡቦች ብዙውን ተጠቅሞ የተሠራ ነው። ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ቅር አላለኝም። ቤቱም እንደ ባንዶቹ ነው፤ ወዶ የሠራው ሰው እያንዳንዱን ጡብ አስቦበታል።

ውስጡ ይሞቃል። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ከሰው ጀርባ ሌላ አይታየኝም። አንዲት ሽበታም እናት ክንዴን ያዙኝ። "ና የኔ ልጅ፣ እኔ ፊት ቁም" አሉኝ። ራሳቸው ከምሰሶው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው እዚህ አካባቢ ቢሮ ይሠሩ ነበር። በምሳ ሰዓት ወደ ካቨርን ይወርዳሉ፤ ያኔ አልኮል አይሸጥም፣ ሾርባና ዳቦ ይበላል፣ ቢትልስ ይታያል፣ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። "ልብሳችን ስለሚሸት አለቃችን የት እንደዋልን ያውቅ ነበር" አሉ። ሽታው የላብ፣ የፀረ ጀርም መድኃኒትና የበሰበሰ ፍራፍሬ ነበር አሉኝ። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ያበራል።

የዚያን ምሽት ባንድ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ልጆች ናቸው። ዊግ የለም፣ ጥቁር ሸሚዝ ብቻ። እንግሊዝኛቸው ሲያወሩ ይሰባበራል፣ ሲዘፍኑ ሊቨርፑል ይሆናል። ከመሀል ላይ ዘፋኙ "ዛሬ እንግዳ አለን" አለ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከኋላዬ አንዱ "ፖል!" ብሎ ጮኸ።

የወጣችው አንዲት ወጣት ልጅ ናት። ጂንስ ለብሳለች፣ እጇ ላይ ትንሽዬ ትራምፔት ይዛለች። የከተማዋ የሙዚቃ ተማሪ ናት ተባለ። የተወሰነው ሰው ቅር እንዳለው ይሰማል፤ ወደ ባር የሄደም አለ። የፔኒ ሌን መግቢያ ተጀመረ።

ይህን ዘፈን ብዙ የትሪቢዩት ባንዶች ሲጫወቱት የትራምፔቱን ሶሎ በኪቦርድ ያልፉታል። ምክንያት አላቸው። ሶሎው የተጻፈው ለፒኮሎ ትራምፔት ነው። ቱቦው የተራው ትራምፔት ግማሽ ያህል ነው፣ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ከፍተኛዎቹ ኖታዎች ላይ ከንፈር ትንሽ ከሳተ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሶሎው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድም ኖታ አልሳተችም። እናትየው ክንዴን ጨበጡኝ። ቤቱ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልጠበቀም፣ መሀል ላይ ጮኸ። ወደ ባር የሄደው ሰውዬ ቢራውን ይዞ እየሮጠ ሲመለስ አይቻለሁ። ትራምፔት በጆሮዬ አጠገብ በቀጥታ ሲነፋ የኪቦርዱ ድምፅ ለዓመታት ምን ያህል እንደነፈገኝ ገባኝ።

ስታበቃ በረንዳው ላይ አገኘኋትና አመሰገንኳት። ባንዱ ሊቨርፑል ሲገባ ትምህርት ቤቷ ጋ ደውሎ ትራምፔት የሚችል ሰው ጠየቀ። ኖታውን ቀድሞም ታውቀው ነበር። ለክፍያ ምን እንደሰጧት ስጠይቃት "እራትና የታክሲ" አለች፣ ደስ ብሏት።

ማቲው ስትሪት ላይ ክርክሩ ቀጠለ። ስኮትላንዳዊቷ አልተዋጠላትም። እንግዳ ማለት ከዋናዎቹ ጋር የነበረ፣ ቢያንስ የሚያውቃቸው ሰው ነው ትላለች። ያቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ግን ልዩ እንግዳ መባል አልነበረባትም። እኔ ደግሞ የዴቪድ ሜሰንን ነገር አነሳሁ። በዋናው ቅጂ ላይ ያንን ሶሎ የነፋው ሰው የቢትልስ ጓደኛ አልነበረም። የክላሲካል ሙዚቀኛ ነው። ፖል በቴሌቪዥን የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባህን ሥራ ሲጫወት አየው፣ አስጠራው። በጥር 1967 ስቱዲዮ መጣ። ፖል ዜማውን እያዜመ፣ የቢትልስ ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን ኖታውን እየጻፈ፣ እሱ ነፋ። 27 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ተከፈለውና ሄደ። ያ ሰው እንግዳ ከሆነ ልጅቷም በሚገባ እንግዳ ናት። የመጣችው ለዚያው ሥራ ነው፣ የሠራችውም ያንኑ ነው።

ኔዘርላንዳዊው ሳቀ። "ታዲያ የከሰዓቱ ሰውዬስ?" አለ። እሳቸውማ ከበሮ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ የሳምንቱ ትልቁ እንግዳ ይሆኑ ነበር አልኩት። በዚህ ስኮትላንዳዊቷም ተስማማች። በሌላው አልተስማማችም። ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆነ። ታክሲ ይዤ ገባሁ፤ ለአምስት ደቂቃ መንገድ 14 ፓውንድ ተቀበለኝ፣ ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

በነገታው ወደ ለንደን መመለስ ነበረብኝ። ባንዱ ቀትር ላይ ሌላ ቦታ እንደሚጫወት ሰማሁና የባቡር ትኬቴን ወደ ማታ አዛወርኩ፤ አሥር ፓውንድ ጨመርኩበት። ኔዘርላንዳዊውና ስኮትላንዳዊቷ እዚያው ጠበቁኝ። ልጅቷ አልነበረችም። ፔኒ ሌን ሲደርስ ኪቦርዲስቱ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ቆም አለና ወደ እኛ ማይክ አዞረ። ማታ ካቨርን የነበረው ሰው ግማሹ እዚህ ነው። የትራምፔቱን ሶሎ ሕዝቡ በአፉ ተቀበለው። ከሁላችን በላይ የጮኸችው ስኮትላንዳዊቷ ናት።