ከድንኳን ሆስፒታል የወጣው ልቦለድ

«ማሽ» የተሰኘውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በድጋሚ ሲተላለፍ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ መነሻ የሆነውን ልቦለድ ግን ያነበብኩት በቅርቡ ነው። ሽፋኑ ላይ የሰፈረው «ሪቻርድ ሁከር» የብዕር ስም ሲሆን፣ የዋናው ደራሲ ስም ሪቻርድ ሆርንበርገር ነው፤ በኮሪያ ጦርነት 8055ኛው ተንቀሳቃሽ የጦር ሠራዊት የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ማሽ») ውስጥ ያገለገለ ቀዶ ሐኪም ነበር።

እነዚህ ሆስፒታሎች ግንባሩ በተዛወረ ቁጥር ተነቅለው የሚከተሉ ድንኳኖች ነበሩ። ቁስለኛው በትንሽ ሄሊኮፕተር ጎን ላይ በታሰረ ቃሬዛ ተኝቶ ይደርሳል፤ ሐኪሙም ስፌቱ ያምር አያምር ሳይጨነቅ በቅድሚያ ነፍሱን፣ ቀጥሎም እጅና እግሩን ለማትረፍ ይጣደፋል፤ የቀረው ከኋላ ላሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋና የደም ቅዳ ቧንቧው የተበጠሰበት ወታደር ቧንቧው ይቋጠርለት ስለነበር፣ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቁስለኞች ግማሽ ያህሉ እጃቸው ወይም እግራቸው ይቆረጥ ነበር። በኮሪያ ግን ሐኪሞቹ ቧንቧውን መጠገን በመጀመራቸው ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። ከቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በዚያው ጦርነት 121 ሞተው 536 መቁሰላቸውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም።

ሆርንበርገር ወደ አገሩ ተመልሶ በሜይን ግዛት፣ በዋተርቪል ከተማ በቀዶ ሕክምና ሥራው ላይ እንዳለ ነው መጽሐፉን የጻፈው። አሳታሚዎች በተደጋጋሚ ከመለሱበት በኋላ፣ ደብልዩ ሲ ሃይንዝ የተባለ የስፖርት ጸሐፊ አግዞት እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። በ1970 ፊልም ሆነ፤ ከ1972 እስከ 1983 ደግሞ ሦስት ዓመት በፈጀ ጦርነት ላይ 11 ዓመት የዘለቀ ድራማ ተሠራበት።

ደራሲው ግን ድራማውን አልወደደውም። በፖለቲካ አቋሙ ወግ አጥባቂ ስለነበር፣ ጦርነትን የሚያወግዘው መንፈሱ የእሱ አልነበረም። በእኔ ግምት ልዩነቱ ከፖለቲካም ያልፋል። የመጽሐፉ ሳቅ ስብከት ሳይሆን እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሳቅ ነው፤ ደግሞም ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም፣ በሴቶች ላይ የሚወረወረው ቀልድ አንዳንዴ መጽሐፉን አስከድኖኛል። በድራማው ወንደላጤ የሆነው ዋና ገጸ ባሕርይ ሃውክአይ በመጽሐፉ የሚስትና የልጆች ባለቤት ነው። ድራማው ከሁለት ሰዓት በላይ በፈጀና ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው በተመለከተው ክፍል ሲሰናበት፣ ልቦለዱ ግን በጥቂት ገጾች ይጠናቀቃል፦ ሐኪሙ ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ቤተሰቡም ይቀበለዋል።