ልትድን ትወዳለህን

ከምሽቱ አምስት ሰአት ሆኗል፣ ነገ ስራ አለ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዐቢይ ጾም እኔን ብዙም አይከብደኝም። 55 ቀን ስጋ፣ ወተት፣ ቅቤ መተው ምንም አይመስለኝም፣ እንደውም ሽሮና ተልባ ይስማማኛል። ያልተውኩት ሌላ ነው። ቁምሳጥኔ ውስጥ ከጋቢው ስር አንድ ደብተር አለ። 20 ሰው ሆነን በሳምንት 3,000 ብር የምንጥለው እቁብ ነበረን፣ ለጓደኛዬ በስምንተኛው ሳምንት ደረሳትና ዋስ የሆንኳት እኔ ነኝ፣ ብሩን ተቀብላ ዱባይ ገባች፣ የቀረውን 12 ሳምንት እኔ ጣልኩላት። 36,000 ብር። እያንዳንዱን ሳምንት በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ "እህቴ በዚህ ወር እልክልሻለሁ" ያለችበት ቮይስም እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ሶስት አመት ሆነው።

ሲከፋኝ ደብተሩን አወጣና አየዋለሁ። ሳየው ደስ ይለኛል፣ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው እሁድ መጻጉዕ ነበር፣ የተነበበው ዮሐንስ 5። 38 አመት ሙሉ የታመመውን ሰውዬ ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" ይለዋል። ልጅ እያለሁ ይሄ ጥያቄ ይገርመኝ ነበር፣ የታመመ ሰው መዳን አልፈልግም ይላል እንዴ? የዘንድሮው ግን መልሱ ላይ ያዘኝ። ሰውዬው "አዎ" አላለም እኮ! ወደ ውሃው የሚያስገባኝ ሰው የለኝም፣ ሌላው ይቀድመኛል ነው ያለው። የሰው ጥፋት ነው የቆጠረው። ቁጭ ብዬ ደብተሬ ትዝ አለኝ።

በዛው ቅዳሴ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል እንደሁልጊዜው ግራና ቀኜ ላሉት ሴቶች አጎንብሼ እጅ ነሳሁ፣ አላውቃቸውም አላስቀየሙኝም፣ ለነሱማ ቀላል ነው።

ለንስሐ አባቴ ስለ ደብተሩ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ ብሩን ነው የምትፈልጊው ወይስ እዳዋን?" አሉኝ። ብሩን ነው አባ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር ግን ብሩንማ ብታመጣው ምን ይቀረኛል? ስለሷ ለሰው የማወራው፣ ጸሎት ላይ "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ስደርስ ቶሎ ብዬ የማልፈው፣ እኔ ከሷ እሻላለሁ የምለው ሁሉ አብሮ ሊሄድ ነው። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ "ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ" የሚለውን የወንጌል ቃል ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰምቶ ርስቱን ሰጥቶ ወጣ ይባላል። እኔ ርስት የለኝም፣ ያለችኝ ይቺ ደብተር ናት እሷም አልወጣ አለችኝ 😅

ዛሬ ማታ ገጾቹን ቀደድኳቸው። ቮይሱንም አጠፋሁት፣ ከማጥፋቴ በፊት ግን አንዴ ሰማሁት (አለመስማት ነበረብኝ)። ከዛ ቴሌግራም ከፍቼ "እንዴት ነሽ፣ እንኳን ለደብረ ዘይት አደረሰሽ" ብዬ ላኩላት፣ ስለብር ምንም አላልኩም።

አንብባዋለች፣ መልስ የለም። ለሰላምታ ብቻ ነው የላክሁት እያልኩ በየአስር ደቂቃው ስልኩን አነሳለሁ፣ ምናልባት ባንክ አካውንትሽን ላኪልኝ ትል ይሆናል ብዬ።